የጭላዳዎቹ ባለቤት

ሰው ብቻውን ሲኖር መጀመሪያ የሚበላሽበት ጆሮው ነው። ማንም ሳይጠራው የተጠራ ይመስለዋል። «አቤት» ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ውጭ ያለው ንፋስ ብቻ ነው። ላይ ጋይንት በገባሁበት ክረምት ስንት ጊዜ ለንፋስ «አቤት» እንዳልኩ ንፋሱ ራሱ ይቁጠረው። ከተማውን ንፋስ መውጫ ያሉት ሰዎች አላጋነኑም። ከዚያ ወጥቶ የሚገባው ከከተማው ወጣ ብዬ ገደል አፋፍ ላይ ወደተከራየኋት ክፍል መሆኑን ብቻ ሳይናገሩ ቀርተዋል።

ሥራዬ የዱር እንስሳት ባለሙያነት ነው። የቀጠረኝም የአፋፉ ሕዝብ ራሱ ነው። ገደሉንና ሣሩን ተባብሮ ሊጠብቅ ተስማማና ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው ደግሞ ጭላዳዎቹን አጥንቼ ከገብሱ ጋር የማስታርቅበትን ዘዴ እንድፈልግ ከባሕር ዳር አስመጣኝ። ጭላዳ ያው ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ የሚያኮራው ዝንጀሮ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሣር ይግጣል፤ ገብስ ሲያሽት ግን ሣር የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ይመስላል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ዶክተር ነው» ትላለች። የምን ዶክተር ሲሏት ወሬ ትለውጣለች።

የዚህ ሥራ ታላቁ ጥበብ ምን መሰላችሁ? መቀመጥ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ካፖርት ለብሶ፣ ሳያፈጡ፣ ሳይጮሁ፣ ድንጋይ ሳያነሱ መቀመጥ። መጀመሪያ ይሸሻሉ፤ ቀስ በቀስ ግን ከቋጥኞቹ እንደ አንዱ ይቆጥሩሃል፤ በመጨረሻም ይረሱሃል። ሰው እንዲረሳኝ ምንም ጥረት አላስፈለገኝም፤ ዝንጀሮ እንዲረሳኝ ግን ወራት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ታዲያ አንዲት እናት ከጎኔ ተቀምጣ ሣሯን ስትነጭ፣ ግልገሏ መጥቶ የካፖርቴን ጫፍ ጎተተ። ደስታዬን ለማን ልንገር? ለአከራዬ ለአያ ሙጨ ነገርኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «እግዜር ያስብህ» አሉኝ።

በዚያ አገር ብቻውን የሚኖር ሰው የለም። ለአጨዳ ደቦ አለ፣ ለሞት እድር አለ፣ ለጽዋ ማኅበር አለ። ሁሉም በስሙ ይጠራል፤ እኔ «ባለሙያው» ነኝ። ሰላምታ አልተነፈግሁም፤ የከብቱንም የልጁንም ደኅንነት እየጠየቁኝ ያልፋሉ፤ ከብትም ልጅም እንደሌለኝ እያወቁ። የጎደለው ከሰላምታው በኋላ ያለው ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር በአንዱ ቤት ይጠጣል፤ ሳቃቸው በግድግዳ በኩል ይደርሰኛል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። ይህን ተረት እያሰቡ ሽሮ መብላት ሆድ አይከፍትም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ፤ ተረኛው አያ ሙጨ ናቸው። ገብሳቸው ገደሉ ጫፍ ላይ ለአጨዳ ደርሷል፤ ግን በጽዮን ቀን ማን ማጭድ ያነሳል? በዋዜማው ወደ ክፍሌ ብቅ አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ነገ ጠባቂው ሁሉ ለንግሥ ይሄዳል፣ እነዚያ ጭላዳዎች እንደሁ አንተን ያውቁሃል፣ ይሰሙሃልም፣ ገብሱን አንተው እይልኝ አሉ። ሊወጡ በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ስንመለስ ከማኅበሩ ትቀመጣለህ» አሉኝ።

አያ ሙጨ፣ የሚያውቁኝ ምንም እንደማያደርግ ፍጡር ነው ልላቸው ይገባኝ ነበር። ወራት ሙሉ ጭላዳዎቹን ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው፤ የደከምኩበት ሳይንስም ይኸው ነው። ግን «ከማኅበሩ ትቀመጣለህ» የሚል ቃል ሰምቶ ትምህርቱ ትዝ የሚለው ማን ነው? ምሁርነቴን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና «በደስታ» አልኳቸው። ማታውን ሸሚዝ አጠብኩ።

በማግስቱ መንጋው ከገደሉ ወጣ። ከፊት ጎፈሩ የበዛው፣ እኔ አለቃ የምለው አውራ ነበር። እንደ ቋጥኝ አየኝና ገብሱ ውስጥ ገባ። በትሕትና «ሂዱ» አልኩ። አጨበጨብኩ። ጮህኩ። ካፖርቴን አውልቄ እያወዛወዝኩ ሮጥኩ፤ ለሚያልፍ በሬ መንገድ እንደሚለቁ ፈቀቅ አሉልኝና ቀጠሉ። ያቺ እናት ጭራሽ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ዛላውን ትፈለፍል ጀመር። ድንጋይ አነሳሁ። መወርወር ግን አልቻልኩም። በዚያ አገር ከጎኔ የተቀመጡት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሕዝቡ እየዘመረ ሲመለስ ያየው እንግዲህ ይህንን ነው፤ ገብሱ መሐል ድንጋይ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ ዙሪያውን ምሳ ላይ ያለ ቤተሰብ። የአያ ሙጨ ባለቤት የእትዬ ጥሩዬ እልልታ እኩሉ ላይ ተቋረጠ።

አያ ሙጨ ቃላቸውን አላጠፉም። ከማኅበሩ ተቀመጥኩ፤ ተከሳሽ ሆኜ። የደብሩ መሪጌታ መሐል ሆነው ዳኙን። የአገሩ ሥርዓት ግልጽ ነው፤ ከብት ሰብል ከገባ የሚጠየቀው ባለከብቱ ነው። እኛን ሲያዩ ይሸሻሉ፣ እሱን ሲያዩ ይሰበሰባሉ፣ ታዲያ የማን ናቸው? ሲሉ አያ ሙጨ ጠየቁ። እኔም የዱር አራዊት የግል ባለቤት እንደሌላቸው፣ የአገር ሀብት እንደሆኑ በሰፊው አስረዳሁ። መሪጌታው በትዕግሥት አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ ካፖርትህን ይጎትታል ብለህ ለሙጨ ያወራህለት ግልገል የማን ነው አሉኝ። የካፖርቴን ጫፍ ሰብሰብ አደረግሁ። በዚያች ሰዓት በሽማግሌ ፍርድ የአንድ መንጋ ጭላዳ ባለቤት ሆንኩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው ከእኔ ይሻል ነበር፤ የሱ ላም ቢያንስ የሰው ገብስ አልበላችም።

ካሳው በጉልበት ሆነ። በአጨዳው ደቦ እገባለሁ፤ ውቂያው እስኪያልቅም የአፋፉን እርሻ ሁሉ በወንጭፍ እጠብቃለሁ። ወንጭፉን እትዬ ጥሩዬ ራሳቸው ገመዱልኝ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሆን ብዬ ሳትኩት፤ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አዩኝ እንጂ አልሸሹም፤ የተሳሳትኩ መስሏቸው ነው። ሁለተኛውን ድንጋይ አለቃ እግር ሥር አሳረፍኩት። ያን ዕለት ያየኝን አስተያየት ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል።

ደቦው ላይ ግን ማጭድ አያያዜ አገሩን አሳቀው። እየሳቁ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። በታኅሣሡ ማኅበር ጽዋው ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ አላለፈኝም፤ እትዬ ጥሩዬም «አሁን ገና ሰው ሆንክ» ብለው መረቁኝ። ከልቤ ደስ አለኝ።

ውቂያው አለቀ፤ ደቦው ተበተነ፤ ሰውም በየቤቱ ገባ። ማኅበር በወር አንድ ቀን ነው፤ ገደሉ ግን በየቀኑ ነው። ወንጭፉን ሰቅዬ፣ ያንኑ ካፖርት ለብሼ ወደ ቦታዬ ሄድኩና እንደ ጥንቱ ሳላፈጥ ተቀመጥኩ። መንጋው ከገደሉ ብቅ አለ። አለቃ አየኝና አንድ ጊዜ ጮኸ። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው ቁልቁል ወረዱ፤ ሣሩ ላይ እኔና ንፋሱ ቀረን።

ያን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ስመኝ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ያገሩ ሰው መቆጠር። ጭላዳዎቹ ቆጠሩኝ።