የኤልሳዕ ቬስፓ ትኩሳት

ደኅና የሚሠራ ነገር ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። የተበላሸ ነገር የሚያሳስበው ሰው ጠጋኝ ይባላል፤ እሱን የሚነቅፈው የለም። እኛ የምናወራው ስለ ሌላው ነው። ሬዲዮው ጥርት ብሎ እያወራ «ድምፁ ትንሽ ታፍኗል» ብሎ ጀርባውን የሚፈታው፣ በሩ ያለ ኮሽታ ሲዘጋ «ይሄ ዝምታ ጤና አይደለም» ብሎ ማጠፊያውን የሚነቅለው ሰውዬ። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሲሆን ይሳቅበታል፤ ወንድም ሲሆን ይመከራል። ባል ሲሆን ግን ከኋላው ተቀምጦ አብሮ ከመሄድ በቀር የሚደረግ ነገር የለም።

አስካለች ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከእንዲህ ያለው ሰው ኋላ ከተቀመጠች ብዙ ዘመኗ ነው።

ባሏ ክቡር ዶክተር ኤልሳዕ ይባላል። ዶክተርነቱን የሰጠው ሰፈሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን። ቀን ቀን በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። የቀረው ዕድሜው የቬስፓ ሞተር ብስክሌቱ ነው። ቬስፓዋን የገዛት ዱቦ አካባቢ ከነበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆን፣ መምህሩ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ሲመላለሱባት አንድም ቀን አስነጥሳ አታውቅም። ፍጥነቷ ከደኅና አህያ አይበልጥም፤ ግን ትደርሳለች። ኤልሳዕን ያሳሰበውም ይኸው መድረሷ ነው።

«ይቺ ሞተር ታፍና ነው የኖረችው» አለ በገዛት በሳምንቱ። «ሞተር ይናገራል፤ ሰው ነው የማይሰማው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። ሥራ ካቆመች ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ላይ ሲሊንደር አስፈትቶ ገዛ። ቶርኖ ቤት ወስዶ ውስጡን አሰፋው። ለሰፋው ሲሊንደር የሚሆን ካርቡራተር ፈልጎ ገጠመ፤ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀጭን ቀዳዳም እንደ መርፌ በቀጠነ ሞረድ ሞርዶ አሳደጋት። ጩኸት የሚያፍነውን ማርሚታ ከወገቡ ቆርጦ አሳጠረው። ቬስፓዋ እስኪበቃት ጮኸች፤ ጩኸቷ ዳሞታ ተራራ ደርሶ ይመለሳል። እውነት ለመናገር ፈጠነች። ግን ከፍጥነቱ ጋር ትኩሳት መጣ። ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆለት በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ እንደዚህ ያለ ሞተር ልክ ካለፈ ፒስተኑ ያብጥና ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው።

እንግዲህ ትኩሳቷን መለካት ግድ ሆነ፤ ኤልሳዕም ዶክተር ተባለ። መጀመሪያ የለካው በምራቁ ነበር፤ ጠብ ያደርግና «ጭስስ» የሚለውን ያዳምጣል። ቀጥሎ ወደ ሳይንስ ገባ። ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ላይ በሽቦ አሰረና ጥቂት ፍሬ የፈንዲሻ በቆሎ ጨመረበት። በቆሎው ከፈነዳ ሞተሩ ልኩን አልፏል፤ መቆም ነው። አሠራሩ ትክክል እንደነበር አስካለች ራሷ ትመሰክራለች። ችግሩ የሰፈሩ ልጆች ጨው ይዘው መከተላቸው ነበር።

በመጨረሻ አንድ ዳቦ ቤት ሲዘጋ የምድጃውን ቴርሞሜትር አገኘ። ባለ መርፌ ነው፤ ከጀርባው ረጅም የብረት ጅማት አለው። ጅማቱን እሳት ከሚጭረው ካንዴላ ሥር ቀበረና ክብ ፊቱን መሪው ላይ ሰካ። ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመረበት። አዲስ ነገር ነበርና ዓይኑን ከመርፌው መንቀል አቃተው፤ በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ሴትዮ የደረደሩት ጎመን ውስጥ ገባ። ጎመኑን ሁሉ ለቃቅሞ መልሶ ደረደረ። አደራደሩን ግን አሻሽያለሁ ብሎ ስላመነ ሴትዮዋ ጨርሶ አልታረቁትም።

ያን ዕለት ቴርሞሜትሩ ከመሪው ተነሥቶ ከኤልሳዕ መቀመጫ ጀርባ ዞረ። ፊቱ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ከኋላ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ አስካለች ያለ ማስታወቂያና ያለ ውድድር የትኩሳት ኃላፊ ሆና ተሾመች።

«ስንት ነው፣ አስኩ?» ይላል ዳገቱ ሲጀምር።

«መቶ ስልሳ።»

«አሁንስ?»

«መቶ ሰባ ሁለት። መንገዱን እይ።»

መንገዱን ያያል። ለሹመቷ የተገባች ነበረች ማለት ይቻላል። አስካለች በቤተ ክርስቲያናቸው የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ናት፤ ልጆቹን በሐሰት አትመስክሩ እያለች ያሳደገች ሴት ናት። መቶ ሰባ ሁለት ካለች መቶ ሰባ ሁለት ነው።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ሠራተኛው ተራ በተራ እየተነሣ ድክመቱን ይናገራል። የኤልሳዕ ተራ ሲደርስ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። «የሥራ ሰዓት አያከብርም የተባልሁትን ተቀብያለሁ» አለ። «ዋናው ድክመቴ ግን እስከ ዛሬ ዘይቱን በዓይን ግምት መጨመሬ ነው። ከእንግዲህ በሲሪንጅ እለካለሁ።» ሰብሳቢው ድክመቱን ከነመፍትሔው ያቀረበ ብቸኛ ሠራተኛ ብለው አመሰገኑት። ሠራተኛው በአንድ ለአምስት ይደራጅ የተባለ ጊዜም ቡድኑ ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ሊወያይ እነ ኤልሳዕ ግቢ ተሰበሰበ። ሲመሽ አስካለች ብቅ ብላ ብታይ፣ አምስቱም እጃቸው ጥቁር ሆኖ ካርቡራተሩን ከበው ቆመዋል። አንዱ «ቤንዚኑ ትንሽ አልቀጠነባትም?» ይላል። ስለ አገልግሎት ያነሣ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ አስካለች ቻለችው። ያልቻለችው የዱቦውን ለቅሶ ነው።

የአክስቷ ባል ሞተው ሊቀብሩ ሄዱ። ከሶዶ ዱቦ በሚኒባስ ቢሄዱ ምንም አልነበረም፤ ግን ኤልሳዕ በዋዜማው ካርቡራተሩን «ትንሽ ነካ» አድርጎት ነበር። በየዳገቱ ቆመው ሞተር አበረዱ። አስካለች ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መንገድ ዳር ቆማ በቄጤማ ስታራግብ አላፊው ሁሉ ነፍስ ይማር እያላት ያልፋል። ሲደርሱ ቀብሩ አብቅቷል። ጩኸታቸው ቀድሟቸው ስለገባ ለቀስተኛው ዝም ብሎ ይጠብቃቸው ነበር።

አጎቷ አቶ ጦና ብድግ አሉ። «ምነው ልጆች፣ ምን አቆያችሁ?»

ኤልሳዕ ዋሽቶ ማምለጥ የሚባል ነገር አያውቅም። «ሁለት መቶ ዐሥር ገብታ ነበር፣ ጋሼ።»

«ማን?»

«ቬስፓዋ።»

አቶ ጦና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ከታመመች ቤት ማስተኛት ነበር» አሉና ተቀመጡ።

አስካለች በሰው ፊት አንገቷን ደፋች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ቤት ሲገቡ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተናገረች። «ደገፉ ስጠኝ ያለህን ስጠው።»

ደገፉ የሆቴል ባለቤት ነው። ቬስፓዋን የፈለጋት ሊነዳት አይደለም። ሞተሯን አውጥቶ ሆቴሉ በር ላይ ሊያቆማት፣ ሆዷ ውስጥ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት ነው። ኤልሳዕ ይህን በሰማ ቁጥር የአንድ ዘመድ አሟሟት የተነገረው ይመስል ይቀመጣል። ያን ማታም ተቀመጠ።

«አንድ ዕድል ስጫት» አለ። «ለጊፋታ በዓል ሃላሌ ወንድምሽ ዘንድ ስንሄድ፣ ለማብረድ አንዴ ከቆምን ለደገፉ ትሂድ። ካልቆምን ትቀራለች።»

«ሁለት መቶ ስትደርስ ግን ትቆማለህ። ሞተሩን አቃጥለህ መንገድ ላይ አታስቀረኝም።»

«ሁለት መቶ ስትይኝ እቆማለሁ። የምታነቢው አንቺ ነሽ።»

ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሳምንታት ኤልሳዕ የኖረው መሬት ላይ ነው። ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን ያያል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ ቀጥኗል፣ ጥቁር ከሆነ ወፍሯል፤ እሱ የሚፈልገው የተቆላ ገብስ መልክ ነው። ያስተካክላል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይፈታል። የገብሱን መልክ አንድ ቀን አገኘው። በማግስቱ ደግሞ ለማሻሻል ፈታው።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ሰሞን ማለዳ ተነሡ። የሃላሌ ዘመዶች የሚሰበሰቡት ወደ ማታ ስለሆነ ጊዜ ሞልቷል፤ ቢዘገዩም የሚቀየማቸው የለም። አስካለች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤዋን ታቅፋ ወጣች። ጎረቤታቸው እማማ ቦሼ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ይጠብቁ ነበር።

«አስካለች ልጄ፣ ቬስፓዋ ነገ አበባ ትሆናለች አሉ፤ እውነት ነው?»

«እግዜር ያውቃል፣ እማማ።»

«እኔ ጥሩ ነው አልኩ። አበባ ዝም ይላል።»

ኤልሳዕ አልሰማም፤ ወይም አልሰማሁም ብሏል። ሄዱ። ሜዳው ላይ መርፌው መቶ ሃምሳ አካባቢ ተኝቶ ዋለ። አስካለች በልቧ ደገፉ ጋ ሄዳ ጨርሳ ነበር። ለቅሶ በሰዓቱ የሚደርስ ኑሮ፣ ዘይት የማይሸት ልብስ፣ ግቢ ውስጥ የሚሰጣ እህል እንጂ የሚሰጣ ብሎን የማይኖርበት ቅዳሜ ታያት። ሃላሌ የሚያወጣው የመጨረሻው ዳገት ሲጀምር ክረምቱ ያላቆጠው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ቬስፓዋ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደች።

«ስንት ነው፣ አስኩ?»

«መቶ ሰማንያ።»

ኤልሳዕ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ አለ። ክብደቱን ሊቀንስላት ነው፤ እንደማይቀንስ ያውቃል። ከኋላ ስታየው አንገቱ ላይ ላብ ወርዶ ኮሌታውን አርሶታል፤ ጆሮዎቹ ወደ ሞተሩ የተቀሰሩ ይመስላሉ።

«አሁንስ?»

«መቶ ዘጠና ሁለት።»

ያን ጊዜ አስካለች አንድ ነገር ትዝ አላት። ይህ ሰው ጨው አልቋል ስትለው ዕቃውን ከፍቶ ያያል። ዝናብ ሊመጣ ነው ስትለው ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ፓስተሩ ጸሎት ሲያሳርጉ እንኳ ሰዓቱን ያያል። ያላየውን የማያምን ሰው ነው። መርፌውን ግን አንድም ቀን ዞሮ አይቶት አያውቅም። «ስንት ነው?» ይላል፣ የነገረችውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ምድር ላይ ሳያረጋግጥ የሚያምነው አንድ ነገር የእሷ ቃል ነው። ቬስፓዋ አበባ ከሆነች ማን ይጠይቃታል? ሰውዬውን ወደደችው፤ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጩኸት መሐል፣ ቅቤው ጭኗ ላይ እየለሰለሰ፣ እንደ አዲስ ወደደችው።

መርፌው ቀዩን መስመር ነካ። ከዚያም አለፈው። የዳገቱ ጫፍ ላይ ለመድረስ ሁለት ጥምዝ ቀርቷል። ሁለት መቶ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ እውነት ነው፣ ስምምነትም ነው፣ ሰላምም ያመጣል።

«ስንት ነው፣ አስኩ?»

«መቶ ሰማንያ አምስት» አለች።

ኤልሳዕ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ላላ አደረገ፤ እጁን ዝቅ አድርጎ ቾኩን በስሱ ሳበ። ሞተሩ የሚጠጣው ወፈረ፤ ድምፁ ጎረነነ፤ ቬስፓዋ ነጭ ጭስ እየተፋች እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ብላ ወጣች። አስካለች ዓይኗን ጨፍና ስለ ውሸቷም ስለ ፒስተኑም ባንድ ላይ ጸለየች። ሳይቆሙ ሃላሌ ገቡ።

ወንድሟ ደጃፍ ላይ ኤልሳዕ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ዞረ። ከመቀመጫው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ቴርሞሜትሩን አየ። መርፌው ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። አስካለች ቅቤውን ትመረምር ነበር።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ መልሶ አደረገውና እንደገና አየ። ቴርሞሜትሩን በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው። መርፌው አልተነቃነቀም።

«ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» አለ በመጨረሻ። «አንቺ መቶ ሰማንያ አምስት ብለሻል። እሱ ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ይላል። ቤት ስንገባ ፈትቼ አየዋለሁ።»

አስካለች ቅቤዋን አስተካክላ ታቀፈች።

«እኔም ከዳገቱ ጀምሮ ጠርጥሬው ነበር» አለች የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ።