የዕጩው ወረቀትና ጋሼ ጎንፋ

ባለፈው ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናቡ በድንገት ወረደ። ጎረቤታችን እትዬ ዘህራ በደጃቸው ያሰጡትን ቡና ሳያነሡ ገበያ ወጥተው ነበር። ልብስ ሰፊው ጋሼ ጎንፋ ከስፌት መኪናቸው ዘለው ተነሡና ካቦርታቸውን አውልቀው ቡናውን ሸፈኑት። በሸሚዝ ቀርተው እየበሰበሱም አፋቸው አላረፈም፦ «አስቀድሞ አለማሰብ! ልክ እንደዚያ ዕጩ!»

በየከተማው መንግሥት ያልሾመው አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አይጠፋም። ጎሬ ሁለት አላት ይባላል። የመቱው ክቡርነታቸው ጋሼ ጎንፋ ሲሆኑ፣ መሥሪያ ቤታቸው የሀምዱ ሱቅ በረንዳ ነው። አገራችን ፓርቲ ስለሌላት፣ ለምክር ቤት የሚወዳደሩትን ግራዝማች ኢቲቻን ብቻቸውን እንደ ሙሉ ፓርቲ ቆጥረው ይተቿቸዋል። ግራዝማቹ ያሳተሙት የዓላማ ወረቀት ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በመርፌ ተሰክቷል።

«‹ሽፍታ ይጠፋል› ይላል ወረቀቱ። በምን? ከዚህ እስከ ዳሪሙ ያሉት ሁለት ፖሊሶችና አንዲት በቅሎ ናቸው፤ በቅሎዋም አሟታል!»

«ኦቦ ጎንፋ፣ ሱሪዬስ?» ይላል ሀምዱ።

«ሱሪህ ይቆይ! ‹ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖር› ይላል ደግሞ። የትኛው ጎረቤት? በስሙ ይጥሩታ! ከሱዳን ብንጣላ ቡናችንን የሚጭነው የባሮ ጀልባ ይቆማል። ቡናህን ለዝንጀሮ ልትሸጥ ነው?»

«ዝንጀሮ እንደ እርስዎ አይከራከርም፤ እሸጥለታለሁ።»

ቄስ ኩመራ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጥተው፣ ስለ ገለልተኝነት ተምረው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እኔም ፊደል በራሴ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ጋዜጣ ማንበብ የለመድኩት ከጋሼ ጎንፋ ጎን ተቀምጬ ስለሆነ አምላኬን አመሰግናለሁ። ቢሆንም አንዳንድ ቀን በጓሮ በኩል እሸሻለሁ።

ትናንት ግን ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅለው ሲያገላብጡት አገኘኋቸው። ግራዝማች ዛሬ ገበያው ሜዳ ላይ የሕዝብ ጥያቄ ሊቀበሉ ነው።

«ስለ ኮንጎ አንድ ቃል የለበትም» አሉኝ ወረቀቱን እያሳዩ።

ልጃቸው ኦላና ሰላም ለማስከበር ከጦሩ ጋር ኮንጎ ከዘመተ ዘጠኝ ወሩ ነው። ደብዳቤው ከቆመ አራት ወር አልፏል። ስለ ሱዳን ያን ያህል ሲጮሁ፣ ስለ ልጃቸው አንድም ቀን ሲያወሩ አልሰማሁም።

«ይጠይቋቸዋ ጋሼ! ከእርስዎ ወዲያ ማን አለ?»

«መጠየቁስ ይጠየቃል። ልጆቻችን እዚያ የሚቆዩት እስከ መቼ ነው? ወሬያቸውን ለወላጅ የሚያደርሰው ማነው? ምክር ቤት ሲገቡ ይህን ያነሣሉ ወይ? እኔ ብጠይቅ ግን ‹ናፍቆት ነው› ብለው ያጽናኑኛል። እኔ የምፈልገው መልስ ነው። አንተ እዚያ ልጅ የለህም፤ ካንተ አፍ ሲወጣ የአገር ጥያቄ ይሆናል። እባክህ ወንድሜ፣ ነገ አንተ ተነሥተህ ጠይቅልኝ።»