ዶሴውን ያጸዳሁ ዕለት

ቤት አያያዜን ያየ ሰው ሁሉ «እንዲህ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ ከማን ተማርሽ?» ይለኛል። ከአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው ስል ይስቃሉ። ምን ያስቃል? ዓይን ያለውማ ቁልፉን የትም ጥሎ ሲፈልግ ይውላል፤ አየዋለሁ ብሎ ይተማመናላ። ዓይን የሌለው ግን ካስቀመጠ አስቀመጠ ነው።

ነገሩ ቤይሩት ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ላይ። ባዳሮ ከሚባል ሰፈር አንድ ቤት እሠራ ነበር። ማዳሜ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ የድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል፣ እኔም ኡስታዝ አልኳቸው። ዓይናቸውን የወሰደባቸው ስኳር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ካርታ ሲያሳይ የኖረ ሰው ዓይኑን ሲያጣ አስቡት እስቲ። እሳቸው ምን አደረጉ? ቤቱን ካርታ አደረጉት። ከአልጋ እስከ በር ስድስት እርምጃ፣ ከበር እስከ ወንበር አራት፣ የውሃ ብርጭቆው ከወንበሩ በስተቀኝ። እጃቸው ሄዶ ዝም ብሎ ያርፍበታል።

እኔ ይህን የት አውቄ! በገባሁ በሳምንቴ ባልዲዬን ኮሪደር ላይ ትቼ በረንዳ ወጣሁ። ኡስታዝ ከነቁመታቸው ባልዲው ላይ! በቃ ሻንጣዬን ላዘጋጅ አልኩ። ሰውዬው ግን ቅልጥማቸውን እያሹ ተነሡና «ያ ቢንቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ «እኔ የማየው በዕቃ ቦታ ነው። ዕቃ ስታነሺ ዓይኔን ነው የምታነሺው።» ከዚያ በኋላማ ማን ይነካል! ወንበር አንሥቼ ስወለውል እንኳ እግሩ ያረፈበትን በጠመኔ አስምር ነበር።

አሁን ወደ ማዳሜ ልምጣ። ክፉ ሰው አይደለችም፣ መድኃኔዓለም ያያል፣ አልዋሽም። አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታይ። ጥፋቷ አንድ ነው። ኡስታዝ ዛህሌ ከሚባል ከተማ የሚኖር የድሮ የማስተማር ባልንጀራ አላቸው፤ በየወሩ ይጻጻፋሉ። ደብዳቤውን ከፍታ የምታነብላቸው እሷ ናት፣ መልሱንም የምትጽፍ እሷ። ይህ ምን ጥፋት አለው እንዳትሉኝ፤ ስታነብ ትዘላለች! ከጎኗ ቆሜ ሳይ ዓይኗ አምስት መስመር ይወርዳል፣ አፏ አንድ መስመር ይናገራል። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ባልንጀራቸው ታምሜ ከረምኩ ያለበት ላይ ስትደርስ፣ «አየሩ ጥሩ ነው ይላል» ትላለች። ኡስታዝም «ኑሽኩር አላህ» ይላሉ። ተመስገን እንደ ማለት ነው።

እንዴት ነቃሽባት አትሉኝም? የአንድ ሙያ ሰው ይተዋወቃላ! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደክዋኔ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያገራችን ልጆች በጋራ የተከራዩዋት ክፍል ነበረች፤ እዚያ እንሰበሰባለን። ብርቄ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች፣ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤዋን የማነብላት እኔ፣ የምጽፍላት እኔ። አንድ ጊዜ እናቷ ላሚቱ ሞተች ብለው ጻፉ። ያቺ ላም ደግሞ ለብርቄ ነፍሷ ናት። ምን ብዬ ላንብብላት? ዘለልኳት። መዝለል ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ አፌ ዝም አይልም፣ «ወልዳለች» ብዬ ጨመርኩ። ከዚያማ ብርቄ በየደብዳቤው «ጥጃዋ እንዴት ናት በይልኝ» ትላለች። አንዴ ረስቼ ጻፍኩት። እናትየው «የምን ጥጃ?» ብለው መለሱ። እሱንም ዘለልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለች ጥጃ አሳደግኩላችሁ!

ኋላ ካገሯ የመጣች ልጅ አወጣችው። ብርቄ ወር ሙሉ አኮረፈችኝ። የከነከናት የላሚቱ ሞት አይደለም። «በእንባዬ ላይ ማን አዛዥ አደረገሽ?» ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማዳሜ ስትዘል በሰማሁ ቁጥር የብርቄ ቃል ትዝ ይለኝ ጀመር።

ታዲያ አንድ ገና ሰሞን ፈረንሳይ የሚኖረው የማዳሜ ወንድም ኮምፒውተር ይዞ መጣ። የሚያወራ ኮምፒውተር! በፈረንሳይኛ ነው የሚያወራው፤ ድምፁ አፍንጫው የተደፈነ ጎልማሳ ነው። ኡስታዝ ቀስት ያለባትን ቁልፍ ጫን ሲሉ ያሉበትን ይነግራቸዋል። አንድ ወደ ታች፣ «ዶሴ፣ ካርታ»። ሌላ ወደ ታች፣ «ዶሴ፣ ደብዳቤ»። መጀመሪያ ዶሴ ሲል ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው ዶሴ ፍርድ ቤት የጠፋውን የአባቴን የመሬት ክርክር ነዋ! ለካ ከነስሙ ከእነሱ ነው የመጣብን።

ኡስታዝ ኮምፒውተሩንም እንደ ቤታቸው በእርምጃ ቆጠሩት። «ይህም ቤት ነው» ይሉኛል። «ዶሴው ክፍል ነው፤ በውስጡ ሌላ ክፍል አለ፤ ከዚያ ወረቀቱ። ያኒ፣ ማለቴ፣ መንገዱን ማወቅ ነው።» ወደ ታች አራት፣ ትልቋን ቁልፍ፣ ወደ ታች ሁለት፣ ትልቋን ቁልፍ፣ ደረሱ! ቁጥሩን ስለያዙት የኮምፒውተሩ ሰውዬ ስም እስኪጨርስ እንኳ አይጠብቁትም፤ አፉ ላይ ያቋርጡታል። የዛህሌው ባልንጀራም ኮምፒውተር ነበረውና ደብዳቤውን ዲስክ ላይ እየጻፈ በቫን ሹፌር ይልክላቸው ጀመር፤ መልሱንም እሳቸው ራሳቸው እዚያው ላይ ይጽፋሉ።

ያ አፍንጫው የተደፈነ ሰውዬ አይዘልም! ሕመሙን ሕመም ብሎ፣ ቀልዱን ቀልድ ብሎ ያነባል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሰሙ ዕለት ኡስታዝ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን አለቀሱ። እስኪወጣላቸው አለቀሱ፣ ከዚያ ፊታቸው በራ። ብቻቸውን ስላችሁ እኔ ያው አለሁ፣ እየጠረግኩ። ሠራተኛ ይቆጠራል እንዴ? ፈረንሳይኛ ማንበብ አልችልም፤ ጆሮዬ ግን አራት ዓመት ሰምቶ ሰምቶ አንድ አያመልጠውም።

ማዳሜ አልወደደችውም። ሥራዋን የቀሟት መሰላት። እውነቷን ነው፣ ኡስታዝ አንዳንዴ ዶሴ ለዶሴ ሲዞሩ ይጠፋባቸዋል፣ ያን ጊዜ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እሷ ደግሞ ደም ግፊታቸውን ትፈራለች። ወንድሟ ለፋሲካ ሲመለስ ፊት ለፊት ነገረችው። «እሁድ ምሳ ላይ ባባ በፊታችን አንዲት ወረቀት ብቻውን ከከፈተ ኸላስ፣ በቃ፣ አፌን እዘጋለሁ። ካልከፈተ ግን ይዘኸው ተመለስ። የእሱ ዓይን እኔ ነኝ» አለች። ኡስታዝ «ይሁን» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት የድሮ የጂኦግራፊ ትምህርታቸውን መክፈት ሲለማመዱ ከረሙ። ካልሆነላቸው የሰው ደብዳቤ በሰው አፍ ወደ መስማት ሊመለሱ ነው። እኔም በሆዴ ለሽማግሌው ስለት ተሳልኩ።

ስለቱን ማን እንዳፈረሰው ልንገራችሁ? እኔው!

ቅዳሜ ከሰዓት ማዳሜ «ኩሉ ነዲፍ» ብላ ወጣች። ሁሉም ይጽዳ ነው። መስታወቱን፣ ወለሉን፣ በረንዳውን አጸዳሁ። ኡስታዝ ተኝተዋል። ኮምፒውተሩ ድምፁ ተዘግቶ ስክሪኑ በርቷል። ማውስ የሚሏት ነገር አጠገቡ አቧራ ጠጥታ ተቀምጣለች፤ ኡስታዝ ምን ያደርጉላታል? ስወለውላት ስክሪኑ ላይ ቀስት እልም ብሎ ሄደ። ጫን ብዬ ሳብ ሳደርግ አንዱን ቢጫ ዶሴ ይዞ መጣ። ሌላው ዶሴ ላይ ስለቀው፣ ገባ! እልል በሉ! ዶሴዎቹ ደግሞ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ዝርክርክ ብለዋል። ሲያጸዳ የዋለ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል? አንድ በአንድ እየጎተትኩ ሁሉንም አንዱ ውስጥ ከተትኳቸው። ስክሪኑ ጠራ፣ አማረ። ስማቸውን አላየሁም። ልብስ አጣጥፎ መሳቢያ የሚከት ሰው ስሙን ያነባል?

የወንበር እግር በጠመኔ የማሰምር ሰው ይህን አደረግኩ። ቦታ መሆኑ አልታየኝማ፤ አይጨበጥ፣ አያደናቅፍ! ኡስታዝም አላወቁም። ማታ ዘመድ ቤት ወሰዷቸው፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ።

ምሳ ተበላና ሁሉም ክፍላቸው ገባ፣ ማዳሜና ወንድሟ ከግራ ከቀኝ። እኔ የፍራፍሬ ሳህን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ኡስታዝ እጃቸውን አፋትገው ጀመሩ። ወደ ታች፣ «ካርታ»። ወደ ታች፣ «ካርታ»። ወደ ታች፣ አሁንም «ካርታ»። ሌላ የለም። ወደ ላይ፣ «ካርታ»። «ቆይ» አሉ፣ ማንም ሳያናግራቸው። ግንባራቸው ላብ አወጣ። በገዛ ቤቱ በር የነበረበት ላይ ግድግዳ ያገኘ ሰው ሆኑብኝ። ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ማዳሜ እጇን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ «ባባ፣ ኸላስ፣ ራስህን አታድክም» አለች። እዚያ አገር አባትን አንተ ይላሉ፣ ነውር አይደለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? እርጅና ነው ይባላል፣ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ እኔም በሰላም ሳህኔን አጥባለሁ። ብናገር ደግሞ ያልታዘዝኩትን ነክቻለሁና ወደ ኤጀንሲ ልመለስ ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ አፌ ቀደመኝ።

«ኡስታዝ፣ እኔ ነኝ። ትናንት አጸዳሁት።»

«ምኑን?» አለች ማዳሜ።

«ዶሴውን። ሁሉንም አንዱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

ወንድምየው ሳቁ አመለጠው። ማዳሜ «ኮምፒውተሩን ጠረግሽው?» ብላ ዓይኗ ፈጠጠ። ኡስታዝ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «ካርታ ውስጥ ናቸው?» አሉ። ሌላ ከሌለ እሱ ነው አልኳቸው። ትልቋን ቁልፍ ሲጫኑ ሰውዬው ዶሴዎቹን ይጠራ ጀመር። ሽማግሌው ከደስታ ብዛት የት ያስጨርሱታል! የለመዱትን ቁጥር በጥድፊያ ቆጠሩ፤ ትምህርቱን ከፈትኩ ብለው የከፈቱት ሌላ ነው። ሰውዬው በዚያ በተደፈነ አፍንጫው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እሳቸው ለባልንጀራቸው የጻፉትን ማንበብ ጀመረ።

«ውድ ወዳጄ፣ ያኔ ታምመህ እንደነበር አልነገርከኝም ብዬ አልከስህም። ልጄ እንደምትዘል ከመጀመሪያው አውቃለሁ። ትንፋሿ ቁርጥ ይልና አየሩ ጥሩ ነው ትለኛለች። በእሷ አነጋገርማ ዛህሌ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው። ደስ ይበላት ብዬ ተመስገን እላለሁ...»

ኡስታዝ ሊያስቆሙት እጃቸውን ሰደዱ። ማዳሜ እጃቸውን ያዘችው። «ኸሊህ፣ ባባ። ተወው ያንብብ» አለች። አነበበ።

«...ግን ወዳጄ፣ ባንተ ሕመም ማዘን የኔ ድርሻ ነበር። እሱን አጣሁ። አደራ፣ እንዳትነግራት። በፍቅር ነው የምታደርገው።»

ሰውዬው ያን ሁሉ አንብቦ ሲያበቃ ዝም አለ። እሱ ምን ቸገረው! ማዳሜ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች። «ዛህሌ ዘንቦ ነበር ባባ፣ ሁልጊዜም ይዘንብ ነበር» ትላለች። ወንድሟን ቀና ብላ አይታ፣ «አይሄድም፣ እዚሁ ይቀመጣል» አለችው። እኔም ከነሳህኔ አለቀስኩ። ኤጀንሲም አልተመለስኩ፤ «ኤሌክትሪክ ያለው ነገር ውስጥ ገብተሽ እንዳታጸጂ» ብቻ ነው የተባልኩት። በማግስቱ ኡስታዝ እየነገሩኝ እኔ እየጎተትኩ ዶሴዎቹን ወደየቦታቸው መለስን።

በሳምንቱ ማዳሜ ራሷ ወጥታ የጆሮ ማዳመጫ ገዝታ መጣች። «ባባ፣ ደብዳቤህ ያንተ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይሰማብህም» አለቻቸው። ደስ አለኝ፣ ኮራሁም። ለዚህ ነገር ሳህን ይዤ የተጋፈጥኩት እኔ አይደለሁ?

ኡስታዝ ማዳመጫውን አደረጉ። አዲስ ዲስክ ገብቷል። ባልንጀራቸው ኦፕራሲዮን ልግባ አልግባ ሲል የነበረበት ቦታ ላይ ነን። ክፍሉ ጭጭ አለ። መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። ኡስታዝ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ወይኔ፣ ምን አለ? ቆይተው ደግሞ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ገባ? ወጣ? ዳነ? አላስችል ብሎኝ ጠረግ ጠረግ አደረግኩ፣ አሳልኩም።

ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

«ያ ቢንቲ፣ ይህን ሁሉ ወር ደብዳቤው የሚጥም ቦታ ላይ ሲደርስ መጥረጊያሽ ዝም ሲል እሰማው ነበር» አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ፈገግ ብለው ማዳመጫውን ወደ ጆሯቸው እየመለሱ፣

«አሁን እንግዲህ ቤቱ ይጸዳል» አሉ።