ከአሮጊቷ አፍ የወጣው ምንድን ነው?

ሥዕል ባየ ቁጥር ሤራ የሚታየው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በአብዮቱ ዘመን፣ አምቦ ሳስተምር ገጥሞኛል። የትምህርት ቤታችን ካድሬ ነበር፤ የጫማ ማስታወቂያ እንኳ ቢያይ «እግሩ ወዴት እያመራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ።

የታሪክ መምህሩ ኦቦ ቶሎሳ ባልንጀራዬ ነበር። አንድ ጠዋት ስለ አዝቴኮች፣ ስለ ጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች አስተማረ። ኑሯቸውን በሥዕል ይጽፉ እንደነበር ሲያስረዳ፣ ልብሳቸው አንድ ላይ የተቋጠረ ሙሽሮች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አሮጊት ስትመክራቸው ሰሌዳው ላይ ሣለ። ከአሮጊቷ አፍ ፊት ትንሽ ጥቅልል ጨመረ።

ካድሬው በመስኮት አይቶ ገባ።

«ከአፏ የሚወጣው ምንድን ነው?»

«ንግግር ነው፣ ጓድ። እነሱ ንግግርን የሚሥሉት እንዲህ ነው።»

«ምን እያለች ነው?»

«እሱ አልተጻፈም።»

«ኅቡዕ ቅስቀሳ ነዋ! እነዚህ የተቋጠሩትስ የአንድ ኅዋስ አባላት ናቸው?»

ተማሪዎቹ ሣቁ። ቶሎሳም ሣቀ። እኔም ከጎን ክፍል ሆኜ ሣቅሁ። ምን እናድርግ፣ ያስቅ ነበር እኮ! ካድሬው ግን አልሣቀም።

ከሰዓት በኋላ ቶሎሳን ወሰዱት። ሚስቱ ጫልቱ በየቀኑ እስር ቤት ስንቅ ታመላልስ ጀመር፤ እኔም አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ሳህኑን አልቀበልም አለ።

«አዴ ጫልቱ፣ ከእንግዲህ አታምጪ።»

«ተፈታ እንዴ?» አለች በደስታ።

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ «መና ገሊ፤ ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እናቴ» አላት።

ሳህኑን ተቀብዬ ያዝኩላት። ምግቡ ገና ትኩስ ነበር።