በዶን ኤሌውቴሪዮ ደጅ በምን ፍጥነት ይታለፋል?

የ«ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ» መሬት ሊነኩ ዝቅ የተደረጉ ያጌጡ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ
ቀን፦ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ቦታ፦ ኤስፓኞላ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ የሊቀ መንበሩ ጋራዥ

የተገኙ፦ ሮሴንዶ አርቹሌታ (ሊቀ መንበር)፣ ፋኩንዶ ትሩሂዮ (የሊቀ መንበሩ አበልጅና ተቃዋሚ)፣ ግራሲዬላ ማኤስታስ (የመሥራቹ ልጅ)፣ ናዛሪዮ ቪሂል (ጸሐፊ)። ሌላው አባል አቶ ቤኒግኖ ከመንገዱ ጫፍ ሲመጡ በመስኮት ታይተዋል። በማኅበሩ ወግ ቀስ ብለው ስለሚነዱ መቼ እንደሚደርሱ ባይታወቅም፣ እንደተገኙ ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው እሑድ ሰልፍ
መሥራቹ ዶን ኤሌውቴሪዮ ሐኪም ተስፋ ስለቆረጠባቸው፣ መኪኖቹ በደጃቸው ሲያልፉ ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ፈልገው ነበር። ሰልፉ አልደረሰም። ሊቀ መንበሩ ሲያስረዱ፣ ከአቶ ፋኩንዶ ጋር ማን ይበልጥ ቀስ ይላል በሚል ሲፎካከሩ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እንደመሸባቸው ገልጸዋል። ወይዘሮ ግራሲዬላ «በዚህ አካሄዳችሁማ ለቀብሩም አትደርሱም» ብለዋል። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ የዛሬው ሰልፍ ፍጥነት
ሊቀ መንበሩ «የሚሮጥ ሌባ ነው። እኛ ምን ሰረቅን?» ብለዋል። አቶ ፋኩንዶ «አበልጄ፣ አንተ ቀስ የምትለው እኮ ሞተርህ ስለደከመ ነው» ሲሉ መልሰዋል። ሊቀ መንበሩ ቀጥለው የተናገሩት ለአቶ ፋኩንዶ እናት ክብር ሲባል አልተመዘገበም። አቶ ፋኩንዶ ባለ ከፋይ መቀመጫ ሳይክላቸው ሰልፉን እንዲመራ አመለከቱ። ሳይክል ቀስ ሲል ይወድቃል ቢባሉ፣ አወዳደቁን ማሳመር እንደሚቻል አስረድተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ፍጥነቱ ከእግረኛ እንዳይበልጥ፣ በየመስቀለኛው መንገድ መኪኖቹ በተገጠመላቸው ፓምፕ ከመሬት እየተነሱ ተራ በተራ እንዲዘሉ፣ አቧራ የነካው መኪናም ከሰልፉ እንዲወጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወይዘሮ ግራሲዬላ ተቃውሜያለሁና «ሙሉ» የሚለው ይሰረዝ ቢሉም፣ ለዚህ ጊዜ የለም ተብሏል።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ
ለወይዘሮ ግራሲዬላ ስልክ ተደወለ። እናታቸው ነበሩ። ዶን ኤሌውቴሪዮ ከጠዋት ጀምሮ ባርኔጣቸውን ደፍተው በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ፣ አሁን ደግሞ «እንቅልፍ ወስዶኝ አለፉኝ እንዴ?» ብለው እንደጠየቁ ወይዘሮ ግራሲዬላ ለጉባኤው ነገሩ። ሁላችንም አፍረናል። ሊቀ መንበሩ ንጹሑን የመኪናቸውን መስታወት ደጋግመው ወለወሉ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የሚነሳ መኪና ሁሉ፣ አቧራም ቢኖርበት፣ አሁኑኑ ይሂድ።

ስብሰባው 11፡20 ላይ ያለ መዝጊያ ጸሎት ተበተነ። ይህ ቃለ ጉባኤ የተጠናቀቀው በወይዘሮ ግራሲዬላ መኪና ውስጥ ስለሆነ ጽሑፉ ተንቀጥቅጧል። ፍጥነታችን ማኅበሩን የሚያዋርድ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን ጡሩምባቸውን እየነፉ ቀድመውን አለፉ።