ክብርት እትዬ እንዴት-አወቅህ

ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጥበት ክፍል ሁሉ አንድ «እንዴት አወቅህ?» ባይ አያጣም። ፕሮጀክተር ይበላሻል፣ መብራት ይሄዳል፣ መምህር ይቀራል፤ እሱ ግን ቀርቶ አያውቅም። ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥና ሰው አፉን እስኪከፍት ይጠብቃል። የእኛ የፊልም ጥናት ክፍል ደግሞ የዚህ ዘር አለቃ ደረሰው፤ ክብርት እትዬ እንዴት-አወቅህ።

እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው ቲኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በማታ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ፣ ልጆቻቸውን ድረው ኳሉ፣ ከዚያ «ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ፊልም ሲያይ አይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ምን እንዳየሁ ልወቅ» ብለው እኛ ዘንድ መጡ።

የምርምር ዘዴ ትምህርት የተጀመረ ዕለት መምህራችን፣ ተመልካች አንድን ፊልም የሚወደው ወይም የሚጠላው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው አሉ። የእትዬ እጅ ወጣ፤ እንዴት አወቁ? መምህሩ መጽሐፍ ጠቀሱ። እትዬ መጽሐፉስ እንዴት እንዳወቀ ጠየቁ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያም ለስድስተኛው ሳምንት ያሰቡትን የማስረጃ ትምህርት እዚያው አስተማሩ።

የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል ብትል፣ እንዴት አወቅሽ ተባለች፤ ሲታይ ለካ ሶኬቱ ተነቅሏል። አንዱ ጓደኛችን ስለሚያስባት ልጅ ሲያወራ «ትወደኛለች» ብሎ አፉን ቢያዳልጠው እሱም አልተረፈም። ጠይቆ እንደሆን ጠየቁት። አልጠየቀም ነበር። ሄዶ ጠየቀ፤ ሠርጉ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

እኔ ታዲያ ጥርሴን ነክሼ ነው የምችላቸው። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ስለማላውቀው ነገር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተለመደ እኮ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው።

በዚህ መሀል የጥናት ፕሮፖዛሌን የማቀርብበት ጊዜ ደረሰ። አንዴ ወድቄያለሁ። ሁለተኛ ከወደቅኩ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ፤ ደንቡ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሊሆን ነው» ብላ ጨርሳለች፤ ኧረ ማስተርስ ነው ብላትም ማን ሰምቶኝ።

በዚህኛው ግን ታጥቄ ነው የተነሳሁት። አራት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፊልሙ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነስቶ የሚወጣውን ሰው ቆጠርኩ። ዘጠና ሁለት ሰው። ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ ቀለም ቀባሁት። መደምደሚያዬ የፊልሞቻችን መጨረሻ ደካማ ስለሆነ ተመልካች ጥሎ ይወጣል የሚል ነበር። ግምገማው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክፍል ውስጥ በኩራት አሳየሁ። እጅ ወጣ።

«መጨረሻው አስጠልቷቸው እንደወጡ እንዴት አወቅህ?»

«ወጡ እኮ እትዬ። ዘጠና ሁለት ሰው።»

«መውጣታቸውንማ አየህ። ጠየቅሃቸው?»

አልጠየቅኳቸውም። ያ ሁሉ ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ አንዱን እንኳ ቀና ብዬ ምነው አላልኩም፤ መቁጠር ላይ ነበርኩ። ደሜ ፈላ። በልቤ ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም።

እሑድ ዕለት እትዬ ወደ ድሮው የሲኒማ ቤት በራቸው ይዘውኝ ሄዱ። አሥር ደቂቃ ሲቀር ሰው መውጣት ጀመረ። እትዬ እያንዳንዱን በሰላምታ ያስቆሙታል፤ ግማሹ ያውቃቸዋል። ነርስ ብትሉ፣ ተማሪ ብትሉ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ብትሉ፣ የሁሉም መልስ አንድ ሆነ። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው በአንዴ ይወጣና የአውቶቡሱ ሰልፍ ጥግ ዞሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ እነሱ ቀድመው ይወጣሉ። መጨረሻውን አልጠሉትም። አይተውት አያውቁማ።

ደረጃው ላይ ዝርፍጥ አልኩ። አራት እሑዴን ውሃ በላው። እትዬ ግን ልብስ ሰፊውን አልለቀቋቸውም። ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው መጨረሻው ምን ሆነ ቢሏቸው ምን እንደሚመልሱ ጠየቋቸው።

«እኔ ነኛ የምጨርሰው» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «ባለፈው ልጅቷን ዳርኳት። ሚስቴ ሰው ሲሞት አትወድም።»

እትዬ ዘወር ብለው አዩኝ። ያለ ጥያቄ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ተነስቼ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በዚያና በሚቀጥለው እሑድ አርባ አንድ ሰው ጠየቅኩ፤ አርባ አንድ መጨረሻ አገኘሁ። አንዱ ሌባውን ያስይዘዋል፣ ሌላዋ ትምረዋለች፣ አንዲት እናት ለልጆቿ ስትል የሞተውን ውሻ ታስነሳለች። እየጻፍኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ጥናት እንዲህ ደስ ይላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የግምገማው ዕለት፣ ዛሬ እንኳ እጅዎን አያውጡብኝ ብዬ እትዬን በእግዜር ለመንኳቸው። ሦስቱ ገምጋሚዎች ስለ ገጹ ኅዳግ ስፋትና ስለ ዋቢ መጻሕፍቱ ቅደም ተከተል ሲጨቃጨቁ ቆዩ፤ ስለ ጥናቱ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። ፊታቸው ግን ጠቁሯል። ሊቀመንበሩ ከታዳሚ ጥያቄ ካለ አሉ። እጅ ወጣ። የእትዬ ነው።

«ሰዉ የራሱን መጨረሻ እንደሚፈጥር እንዴት አወቅህ?»

«ጠየቅኳቸዋ» አልኩ። ከዚያማ ማን ያስቁመኝ። ልብስ ሰፊውን፣ ሌባውን፣ ውሻውን፣ አርባ አንዱንም ዘረገፍኩት። ስቀው የማያውቁት ሊቀመንበር ሳቁ።

ውጭ ጠብቅ ተብዬ ስወጣ የእትዬ ወንበር ባዶ ነበር። ማለፌ ሲነገረኝ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰልፍ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ውጤቱን ሳይሰሙ ወጡ?»

«አልፈሃል።»

«እንዴት አወቁ?» አልኩ፤ ይህችን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ተመኝቻት ነበር።

«ሰልፉ ሳይረዝም ወጣሁና መጨረሻውን እኔው ጨረስኩት። ግባ» አሉና ከፊታቸው መሬት ላይ ቦታ ይዛልኝ የቆየችውን ቦርሳ አነሱልኝ።

እኚህ ሴትዮ ይወዱኛል። እንዴት አወቅህ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ቦርሳዋን አይቻለሁ።