እልፍ ሰው በአንዲት ክፍል

የስደተኞች መረዳጃ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8:00፣ ግብፅ፣ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር፣ ሰብሳቢው ቤት።

የተገኙ፦
1. አቶ ጥበቡ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ዳግማዊ፣ አባልና አስተርጓሚ
3. አቶ ይትባረክ፣ አባል
4. ወ/ሮ መዓዛ፣ ጸሐፊ
ባለጉዳይ፦ ወ/ሮ አስካለ

ለምልዓተ ጉባኤ አምስት አባል ያስፈልጋል። አቶ ይትባረክ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የጉዞ ጥሪ ሲጠብቁ ራሳቸው በፈጠሩት ቋንቋ አራትና አምስት አንድ ቃል መሆናቸውን ስላስረዱ፣ ተሟልቷል ተብሎ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ «እልፍ» ስለሚለው ቃል

ወ/ሮ አስካለ በስደተኞች ቢሮ በሰጡት የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ «እልፍ ሰው በሬን ሰብሮ ገባ» ብለዋል። ግብፃዊው መዝጋቢ የአረብኛውን «አልፍ» የሰማ መስሎት አንድ ሺህ ብሎ ጻፈ። አቶ ዳግማዊ ስህተት ነው ብለው ወደ አሥር ሺህ አስተካከሉለት። ቀጥሎ ቤቱ ስንት ክፍል እንደነበር ተጠየቀ፤ አንድ ተባለ። ወ/ሮ አስካለ እሑድ በድጋሚ ይጠየቃሉ። ካልታመኑ ፋይላቸው ይዘጋል።

አቶ ዳግማዊ እልፍ በግዕዝ አሥር ሺህ መሆኑን ጠቅሰው፣ «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ልዋሽላት ኖሯል?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው፣ እናታቸው «እልፍ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ይሏቸው እንደነበር፣ አሥር ሺህ ጊዜ ግን እንዳልነገሯቸው ገልጸዋል። አቶ ዳግማዊ ቆጥረው እንደሆነ ጠይቀዋል።

አቶ ዳግማዊ ቁጥሩ ወደ «ትእልፊት»፣ ማለትም ወደ አሥር ሚሊዮን፣ ከፍ ቢል ማጋነን መሆኑ ለቢሮው ግልጽ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኘም።

አቶ ይትባረክ በቋንቋቸው «ዱዱምባ» የሚባል ትልቅ ቁጥር መኖሩን አስታወቁ። ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ እስካሁን የደረሰበት የለም ብለዋል። ተናጋሪው ስንት እንደሆነም ተጠይቀው፣ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን፣ ባለቤታቸው ቢሰሙም እንደማይመልሱላቸው አስረድተዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነ፦
ሀ) በደብዳቤ እልፍ «ዱዱምባ» ተብሎ እንዲብራራ፤
ለ) ዱዱምባን የሚያብራራ ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲጻፍ፤
ሐ) ሁለቱንም አቶ ዳግማዊ እንዲተረጉሙ። ወ/ሮ አስካለ «ሐ» እንዲቀር ለምነዋል። «ማሌሽ፣ ምንም አይደል» ተብለዋል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊዋ፣ ቤቱ የገቡት በእርግጥ ስንት እንደነበሩ ጠየቁ። እስካሁን የጠየቀ አልነበረም።

ወ/ሮ አስካለ «ሦስት» አሉ።

ታዲያ ለምን እልፍ እንዳሉ ሲጠየቁ፣ «አንዱ ወንድሜ ነው። እልፍ ካልኩ እነማን ናቸው የሚለኝ የለም ብዬ ነው» ብለዋል።

 ሰብሳቢው አባላቱን በአማርኛ ቆጠሩ። አራት ሆኑ።

ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ተወሰነ።

እሑድ ምን እንደሚሉ የተጠየቁት ወ/ሮ አስካለ፣ «ሦስት እላለሁ። ስሙን ከጠየቁኝም እናገራለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ» ብለዋል።

አቶ ዳግማዊ «ሦስት» በአረብኛ ሌላ ነገር እንደማይመስል አረጋገጡ። ስብሰባው 10:20 ላይ ተበተነ።